የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ቶናው ከአቦሉ የሚበልጥበት ሻይ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ታይዋን የከፍታ ኡሎንግ ሻይ ናቸው። ለማያውቁት በአጭሩ፦ ኡሎንግ በአረንጓዴና በጥቁር ሻይ መካከል ያለ ነው፤ ቅጠሉ በከፊል ብቻ እንዲጠወልግና እንዲጠቁር ተደርጎ በሙቀት ይቆማል። ታይዋን ውስጥ «የከፍታ» የሚባለው ከ1,000 ሜትር በላይ የበቀለው ነው። የሚበቅልባቸው ቦታዎች ስሞች አሊሻን፣ ሻንሊንሺ፣ ሊሻን፣ ዳዩሊንግ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ዋጋውም አብሮ ይወጣል።

«ማሸጊያው ከ95 እስከ 100 ዲግሪ በሆነ ውሃ ለ50 ሰከንድ ይላል። እንደተባለው አደረግሁ፤ የወጣው ግን ውሃ ውሃ የሚል፣ ቀለሙም የገለባ ነው። ሁለተኛው ዙር ተሻለ። ሻዩ አሮጌ ነው ወይስ ጥፋቱ የእኔ?» — ከአዲስ አበባ

የሁለታችሁም አይደለም፤ የከተማዋ ከፍታ ነው። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናትና ማንቆርቆሪያዎ የቱንም ያህል ቢንተከተክ ውሃው ከ92 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ደብረ ብርሃን ላለ ሰው ከ91 በታች ነው፤ ድሬዳዋ ያለው ወደ 96 ያገኛል። ረዘም አድርጎ ማፍላት ዲግሪ አይጨምርም፣ ውሃውን ያተናል እንጂ። በእንፋሎት የሚያበስለው ድስትም መላ አይሆንም፤ ክዳኑ እንደተከፈተ ውሃው ወዲያው ወደዚያው 92 ይወርዳልና።

ለጥቁር ሻይ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ቅጠሉ የተፈጨ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል፣ ካስፈለገም በራድ ውስጥ አብሮ ይፈላል። የከፍታ ኡሎንግ ግን ሙሉ ቅጠል ነው፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ደጋግሞ እየታሸ የሽምብራ ፍሬ እስኪያህል የተድቦለቦለ። ያ ድቡልቡል እስኪላላ ድረስ ውስጡ ያለው ጣዕም አይወጣም፤ የሚያላላው ደግሞ ሙቀት ነው። የመጀመሪያው ዙር ቀጥኖ ሁለተኛው የተሻለው ለዚህ ነው፤ ቅጠሉ የተከፈተው ገና ያኔ ነበር።

ከውሃው በላይ የሚጎዳው ግን ቀዝቃዛው ዕቃ ነው። 100 ሚሊ ሊትር የ92 ዲግሪ ውሃ በክፍል ሙቀት ያለ ሸክላ ውስጥ ሲገባ ዕቃው ራሱ ከአሥር ዲግሪ በላይ ይወስድበታል፤ ቅጠሉ የሚያገኘው ከ80 ዲግሪ ብዙም ያልበለጠ፣ አንዳንዴም ያነሰ ውሃ ነው። ስለዚህ ዕቃውን በፈላ ውሃ ሞልተው ክዳኑን ገጥመው ለአንድ ደቂቃ ያቆዩት፤ ይድፉት፤ አንድ ጊዜ ይድገሙት። ቅጠሉን በሞቀው ዕቃ ውስጥ ጨምረው ክዳኑን ገጥመው ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁ። ማንቆርቆሪያው እሳቱ ላይ እያለ፣ እየተንተከተከ ይቅዱ፤ ከሩቅ ሽቅብ አንስተው አይቅዱ፣ በቀጭኑ የሚወርድ ውሃ በአየር ላይ ይቀዘቅዛልና። ዕቃውን የፈላ ውሃ ባለበት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ማስቀመጥም ይረዳል።

ሰዓቱንም ያስተካክሉ። 120 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ዕቃ 6 ግራም ቅጠል ከሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ዙር 75 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን 50፣ ሦስተኛውን 60፣ አራተኛውን 80፣ አምስተኛውን 2 ደቂቃ፣ ስድስተኛውን 3 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ሁለተኛው የሚያጥረው ቅጠሉ ስለተከፈተና ስለሞቀ ነው። ቡና ላይ አቦል ትልቋ ናት፣ በረካም ቀጭኗ፤ እዚህ ቶናው ይበልጣል፤ ሦስተኛውም ብዙ ጊዜ ከአቦሉ አያንስም።

አንድ ነገር ግን አይጠብቁ፤ ቀለም። ይህ ሻይ ተሳክቶለት ሲወጣ ገለባማ ቢጫ ወይም ቢጫ የቀላቀለ አረንጓዴ ነው። እንደ ለመድነው ሻይ እስኪቀላ ብሎ ያቆየው ሰው መራራውን ሁሉ ያወጣል፤ ቀዩን ግን አያየውም።

«ቅጠሉ አብጦ ክዳኑን ያነሳዋል፣ ሻዩም ይመርራል። ሚዛን የለኝም። ስንት ላድርግ?» — ከሐዋሳ

በዝቶብዎታል። ድቡልቡል ሲሆን የዕቃውን ታች በስሱ ሸፍኖ ትንሽ ይመስላል፤ ሲከፈት ግን እጥፍ ድርብ ሆኖ ዕቃውን ይሞላል። ክዳን እስኪያነሳ ከተጠቀጠቀ መሐል ያለው ቅጠል ቦታ አጥቶ አይከፈትም፤ ዳር ያለው ግን ከሚገባው በላይ ይለቃል። ስለዚህ አንድ ስኒ ውስጥ መራራነትና ቅጥነት አንድ ላይ ይመጣሉ።

ሚዛን ከሌለ፦ በደንብ የተድቦለቦለ ኡሎንግ ያልተቆለለ አንድ የሻይ ማንኪያ ወደ 3 ግራም ይመዝናል። ለ120 ሚሊ ሊትር ሁለት ማንኪያ ይበቃል። በትልቅ ኩባያ ለሚጠጣ ሰው ደግሞ ለ250 ሚሊ ሊትር አንድ ማንኪያ ጨምሮ ከ4 እስከ 5 ደቂቃ። ከአራተኛው ዙር በኋላ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ የዕቃውን ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ሲይዝ መጠኑ ልክ ነበር ማለት ነው።

ሌላው የመራራነት ምክንያት የተረፈ ውሃ ነው። በየዙሩ ዕቃውን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ያንጠፍጥፉት። ታች የቀረች ሁለት ማንኪያ ውሃ ቅጠሉን ስታበስል ቆይታ ቀጣዩን ዙር ታበላሻለች። ካንጠፈጠፉም በኋላ ክዳኑን ትንሽ ገለጥ ያድርጉለት፤ ተዘግቶ በራሱ እንፋሎት ከቆየ የተቀቀለ ጎመን መሽተት ይጀምራል።

«በጀበና ይሆናል?» — ከደሴ

ቡና ያየ ጀበና አይሆንም። ሸክላው የቡናውን ቅባት ጠጥቶታል፤ የዚህን ሻይ ሽታ በአንድ ዙር ይውጠዋል። አንገቱም ጠባብ ነው፣ ያበጠ ቅጠል አይወጣበትም። አዲስ ጀበና ካለዎት ውሃ ለማፍላት ይጠቀሙበት፣ ሙቀት ይይዛል። ስኒዎቹ ግን በጣም ጥሩ ናቸው፤ መጠናቸው ልክ ነው፣ ውስጣቸውም ነጭ ስለሆነ ቀለሙን ያሳያል። ክዳን ያለው የቻይና ጽዋ፣ ጋይዋን የሚሉት፣ ከሌለ 150 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ፣ እንደ ክዳን የሚገለበጥ የስኒ ማስቀመጫና ማጥለያ ይበቃል።

«የመጀመሪያውን ውሃ መድፋት ግዴታ ነው?»

አይደለም። በጣም የተድቦለቦለ ከሆነ የአምስት ሰከንድ ማጠቢያ ቅጠሉን ያሞቃል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው። ውድ ቅጠል ከሆነ ዕቃውን በደንብ አሙቀው ያንን ውሃም ይጠጡት።

«ሊሻንና አሊሻን ሁለቱንም ገዛሁ። ዋጋቸው እጥፍ ይለያያል፣ ጣዕማቸው ግን አንድ ሆነብኝ። ባለሙያዎች እንዴት ነው የሚለዩት?» — ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እርስዎ ያሉት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃዎ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ከላይ የሰጠነውን ሰዓት አይውሰዱ፣ ለእርስዎ 50፣ 35፣ 45 ሰከንድ እያለ የሚሄደው ይሻላል። ለማወዳደር ግን ሌላ መንገድ ነው ያለው። ጥሩ አድርጎ የተዘጋጀ ሻይ ጉድለቱን ይደብቃል፤ ቀማሽ ጉድለቱን ፈልጎ ስለሚቀምስ ቅጠሉን ሆን ብሎ ያስጨንቀዋል። ሁለት አንድ ዓይነት ኩባያ፣ በእያንዳንዱ 3 ግራም ቅጠልና 150 ሚሊ ሊትር የሚፈላ ውሃ፣ ተከድኖ 6 ደቂቃ። በአንድ ጊዜ ይጀምሩ፣ በአንድ ጊዜ ያጥልሉ። ብቻውን የተቀመሰ ሻይ ሁሉ ጥሩ ይመስላል፤ ጎን ለጎን ሲሆን ነው አንደበት የሚፈታው።

ከመቅመስ በፊት ያሽትቱ። መጀመሪያ ትኩሱን ቅጠል፣ ከዚያ የክዳኑን ውስጥ፣ መጨረሻ ላይ ጠጥተው የጨረሱትን ባዶ ስኒ። ባዶው ስኒ ብዙ ይናገራል፤ ሲቀዘቅዝ የሸንኮራ አገዳ ዓይነት ጣፋጭ ሽታ ከቀረበት ጥሩ ምልክት ነው። የሸክላ ማንኪያ ሻዩ ውስጥ ነክረው ጀርባዋን ማሽተትም የቀማሾች ልማድ ነው።

ከዚያ ጠብ ጠብ እያሉ አይደለም፣ ፉት ብለው ነው የሚቀመሰው፤ ድምፅ እያሰሙ፣ አየር እያስገቡ። ነውር አይደለም፤ አየሩ ነው ሽታውን ከአፍ ወደ አፍንጫ የሚያደርሰው። የሚያቃጥል ሻይ አይቅመሱ። እስከ 55 ዲግሪ ገደማ፣ ማለት ስኒውን ሳይቸገሩ የሚይዙበት ያህል ሲበርድ ምላስ ያያል። ከዚያም ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ ይድገሙ፤ ደካማ ሻይ ሲቀዘቅዝ ይጎመዝዛል ወይም ባዶ ይሆናል።

ምን ይፈልጋሉ? ሽታን ሰው ሁሉ ይፈልጋል፤ ከፍታው የሚታወቀው ግን ይበልጥ በአፍ ውስጥ ባለው ስሜት ነው። ቦታው ቀዝቃዛና ጭጋጋማ ሲሆን ቅጠሉ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ መራራውንና አፍ የሚሰበስበውን ካቴኪን ያሳንሳል፣ ለጣፋጭነቱ የሚረዳውን ቲያኒን ያቆያል፣ ሥጋውም ይወፍራል። ሻዩ በጣም እንደቀጠነ የተልባ ውሃ ምላስ ላይ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ከዋጡት በኋላ ከጉሮሮ የሚመለስ ጣፋጭነት አለ፤ ደቂቃዎች ከቆየ ጥሩ ነው፣ ወዲያው ከጠፋ መካከለኛ። አሊሻን አበባው ጎላ ብሎ ቶሎ የሚወደድ ሻይ ነው። ሊሻን ሽታው ብዙ ጊዜ ዝም ያለ ሆኖ ክብደቱና ልስላሴው ከኋላ ይመጣል። አፍንጫዎን ብቻ ከጠየቁ ርካሹ ሊያሸንፍ ይችላል፤ ምናልባት እርስዎ የገጠመዎት ይኸው ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ለዕለት ሻይ የእኛም ምርጫ ጥሩ አሊሻን ነው።

ጉድለቶቹን በሦስት ይያዙ። የታጨደ ሣር ወይም ጥሬ ጎመን የሚሸት ከሆነ፣ ሲጠወልግ ከቅጠሉ ውስጥ ውሃው በደንብ አልወጣም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ በዝናብ ቀን የተለቀመ ነው። የተቀቀለ የበቆሎ እሸት ሽታ ትንሽ ቢኖር ነውር የለበትም። መራራነት ከመጣ ሰከንዶች ይቁጠሩ፤ ቶሎ ወደ ጣፋጭ የሚለወጥ መራራ ይፈቀድለታል፣ ምላስ ሥር ተቀምጦ የሚቀረው ግን ቅጠሉ ለጋ ሳለ ተለቅሟል ወይም ሥራው ተበላሽቷል። ሦስተኛው የጭስና የተጠበሰ ሽታ ከሁሉም በላይ ሲወጣ ነው፤ ቆላ ማድረግ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፣ ያረጀ ቅጠል ለመሸፈንም ግን ይጠቀሙበታል።

መጨረሻ ላይ ቅጠሉን ነጭ ሳህን ላይ በውሃ ዘርግተው ይዩት። በእጅ የተለቀመ ከሆነ ሁለት ሦስት ቅጠል በአንድ ዘንግ ላይ ሙሉውን ያገኛሉ፤ በመኪና የተቆረጠው ጠርዙ በምላጭ እንደተመታ ነው። በጣት ሲታሽ ቶሎ የማይበጣጠስ፣ ወፍራም ቅጠል የከፍታ ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ መስመር ካዩ አይደንግጡ፤ ቅጠሉ ሲናጥ እርስ በርሱ የተላተመበት ቦታ ነው፣ ኡሎንግ ያደረገውም ያ ነው።

«ወተት ወተት የሚሸት ኡሎንግ ገዝቼ ነበር። ወተት ይጨመርበታል?» — ከአቡ ዳቢ

ጂን ሽዌን የሚባል ዝርያ አለ፤ ታይዋን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ፣ በቁጥር 12 የሚታወቅ። ምንም ሳይጨመርበት ደብዘዝ ያለ የቅቤና የወተት ሽታ አለው። ደብዘዝ ያለ ነው ብለናል። ጥቅሉ ሲከፈት ክፍሉን የሚሞላ የከረሜላ ሽታ ከሆነ ሽቶ ተጨምሮበታል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የተጨመረ ሽታ በአንደኛና በሁለተኛ ዙር ያልቃል፣ ከሥሩ ቀጭን ሻይ ይቀራል። የተፈጥሮው በየዙሩ ቀስ እያለ ይሄዳል። ዋናዎቹ የከፍታ ሻዮች በአብዛኛው የሚሠሩት ቺንግሺን ከሚባለው ዝርያ ነው፤ እሱ አበባ እንጂ ወተት አይሸትም።

እግረ መንገዳችንን፣ «ዳዩሊንግ» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ካገኙ ይጠርጥሩ። ቦታው 2,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚያ ከነበሩት እርሻዎች ብዙዎቹ ተነቅለው መሬቱ ወደ ደን ተመልሷል። በታይዋን ዘዴ ቬትናም ውስጥ የሚሠራ ሻይም በታይዋን ስም ገበያ ላይ ይገኛል። መጥፎ ሻይ አይደለም፤ በስሙና በዋጋው ቢሸጥ ኖሮ ቅሬታ ባልነበረን። ማሸጊያው ላይ ቦታው፣ ዝርያው፣ የተለቀመበት ወቅትና ዓመት ከሌለ «የከፍታ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም። የሚመረጡት የፀደይና የክረምት ለቀማዎች ናቸው፤ የነሱ ክረምት ደግሞ ብርዱ እንጂ ዝናቡ አይደለም።

«የእኛ ውሽውሽ ሻይ ከ1,500 ሜትር በላይ ነው የሚበቅለው። ታዲያ የከፍታ ሻይ አይባልም?» — ከቦንጋ

በሜትር ብቻ ቢለካ ይባል ነበር። ካፋ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ነው፤ አሊሻን ያለበትን የቺያዪን ወረዳ የሚያቋርጠው መስመር ደግሞ 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። በእኩል ከፍታ የነሱ ክረምት ይበርዳል፣ ቅጠሉም ያኔ ይዘገያል። ከዚያ በላይ ልዩነቱ ሥራው ነው፤ ውሽውሽ የሚታወቀው በጥቁር ሻይ ነው። ተክሉ አንድ ነው፤ ዝርያውና አሠራሩ ተሟልቶ ቢሞከር ምን ይወጣ ነበር የሚለው የእኛም ጥያቄ ነው።

«ለንደን ላይ ሻዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሰፍራል፣ ሽታውም የለም። ኢትዮጵያ ሳለሁ ያው ጥቅል ጥሩ ነበር።»

የለንደን የቧንቧ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። ቆዳው ኖራው ከሻዩ ጋር ተያይዞ የሚሠራው ነው፤ ያው ኖራ የሻዩን ቀለም ያጨልማል፣ አበባውን ያደበዝዛል። ኖራ የሚቀንስ ማጥለያ ያለው ማሰሮ ይረዳል። ካልሆነ ጠርሙሱ ላይ ጠቅላላ የማዕድን መጠኑ በሊትር ከ30 እስከ 100 ሚሊ ግራም የተጻፈበትን ውሃ ይግዙ። ምንም ማዕድን የሌለው የተጣራ ውሃም ሻዩን ባዶ ያደርገዋል። (አምቦ ውሃ ይሆን ወይ ብለው ለጠየቁን ሌላ አንባቢ፦ አይሆንም፤ ጋዙ ቢወጣም ማዕድኑ እዚያው ነው።)

«እዚህ በሙቀቱ ትኩስ ሻይ አይጠጣም። በቀዝቃዛ ውሃ ይሆናል?» — ከሪያድ

ይሆናል፤ ለጀማሪ እንዲያውም ከሁሉ የሚቀል ነው። ለ1 ሊትር ውሃ ከ8 እስከ 10 ግራም፣ በንጹሕ ጠርሙስ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ 8 ሰዓት። አጥልለው ቅጠሉን ያውጡ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። ቀዝቃዛ ውሃ ጣፋጩን ያወጣል፣ ከመራራውና ከካፌይኑ ግን ሙቅ ውሃ ከሚያወጣው ያነሰ ነው የሚያወጣው። ከማቀዝቀዣ ውጭ አይዘፍዝፉት፤ በሪያድ የክፍል ሙቀት ሌሊቱን ያደረ ይበላሻል። ቅጠሉ ያልተቆላ ይሁን።

«በጾም ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመጀመሪያ የምቀምሰው ይህ ሻይ ቢሆንስ?» — ከባሕር ዳር

ተዉት። አረንጓዴነት ያለው ኡሎንግ በባዶ ሆድ ብዙ ሰው ያቅለሸልሻል። መጀመሪያ ይብሉ። ከበሉም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ይቆዩ፤ ሻይ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስድ ያደርጋል፣ በጾም ደግሞ ብረቱ በአብዛኛው የሚመጣው እንደ ጤፍና ምስር ካሉት ነው።

«ስኳር፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ?»

ቀረፋና ቅርንፉድ ለጥቁሩ ሻይ ይቅሩለት። አንዲት ቅርንፉድ ሊሻንን ከነታሪኩ ትሸፍነዋለች። ስኳር፣ «ያለ ስኳር አልጠጣም» ለሚል ሰው፣ በቀዝቃዛው ላይ ትንሽ ይሁን።

«ጥቅሉን ከከፈትኩ ወር ከምናምን ሆነ፣ በርበሬ በርበሬ ይለኛል። ምጣድ ላይ ላሟሙቀው?» — ከመቀሌ

ምጣዱ የማሰሻውን ቅባትና የእንጀራውን ሽታ ይዟል፤ ይጨምርበታል እንጂ አያድነውም። ሻይ ሽታ ይስባል፤ በርበሬ፣ ኮረሪማና የተቆላ ቡና ባሉበት ቁም ሣጥን አይቀመጥም። የገባ የቅመም ሽታ በምንም አይወጣም። እርጥበት ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ ሽታ የሌለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ በንጹሕ ወረቀት ላይ ስስ አድርገው በ80 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ያሙቁት፤ እርጥበቱን ያባርራል፣ የሄደ የአበባ ሽታ ግን አይመልስም።

ለሚቀጥለው፦ አየሩ ወጥቶ የታሸገ ጥቅል ዓመት ይቆያል፤ ከተከፈተ ግን በሁለት ወር ይጠጡት። ስለዚህ ከ150 ግራሙ አንድ ጥቅል ይልቅ የ50 ግራም ሦስቱን ይግዙ። መቀሌና አዲስ አበባ ላይ ጨለማና ደረቅ መደርደሪያ ይበቃል። ሙቀት ባለበት አገር ያሉ ያልተከፈተውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያኑሩት፤ ሲያወጡት ግን ሳይከፍቱ ሌሊቱን ውጭ ይደር። ቀዝቃዛ ቅጠል ወዲያው ከተከፈተ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ጤዛ ይሠራል፣ ያ ጥቅልም በሳምንት ያልቅለታል።